ብርሃንና የሸማኔው እጅ

ብርሃን ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ያረፈበት ነገር ነው። ይህ እውነት ቀላል በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ሠዓሊ ቀለሙን፣ ቀራፂ ድንጋዩን፣ ሸማኔ ፈትሉን ይመርጣል፤ ሥራው ተጠናቆ በሕዝብ ፊት ሲቀርብም ሰው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ድንጋዩና ስለ ፈትሉ ይነጋገራል። በላዩ ስላረፈው ብርሃን የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። ይሁንና አንድ የእጅ ሥራ በተመልካች ዘንድ የሚገባውን ግምት የሚያገኘውም ሆነ የሚያጣው፣ በአብዛኛው በዚሁ ሳይነሣ በሚታለፍ ነገር ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጠባብ ሊመስል ይችላል። የምናወሳው በልብስ ሱቆች ቪትሪን ውስጥ ስለሚበራው መብራት፣ በተለይም የሀገር ባህል ልብስ ስለሚሸጥባቸው ሱቆች ነው። «ይህ የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ ከኪነ ጥበብ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከሸማኔ እጅ የወጣ ጥበብ ለብዙው ሕዝብ የሚታየው የት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከሙዚየም አዳራሽ ይልቅ ወደ ሱቅ መስተዋት ይመራናል። መግቢያ ሳይከፍል፣ ቀጠሮ ሳይዝ፣ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ተመልካች ነው። ይህን ያህል ሰው የሚያየው ጥበብ በምን ዐይነት ብርሃን እንደሚቀርብለት መጠየቅ ስለ ጥበቡ ዕጣ ፈንታ መጠየቅ ነው። እኔም ረጅሙን የሥራ ዘመኔን በቴአትር መድረክ ላይ መብራት በመትከልና በማስተካከል ስላሳለፍሁ፣ ጉዳዩን የማየው በዚያው ዐይን ነው።

የሱቅ መስተዋትና የቴአትር መድረክ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ክፈፍ አላቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ልብስ የለበሰ አካል ይቆማል፤ በሁለቱም ፊት ተመልካች አለ። ልዩነታቸው የቴአትሩ ተመልካች ከፍሎ ገብቶ፣ ተቀምጦ መጋረጃ እስኪከፈት የሚጠብቅ መሆኑ ነው። የመስተዋቱ ተመልካች ግን በእግሩ ላይ ነው፤ ጥቂት እርምጃ እስኪራመድ ድረስ ዐይኑን ካልያዘው አለፈ ማለት ነው።

ይህንን ዝምድና ቀድመው የተገነዘቡት በምዕራቡ ዓለም የቴአትር ሰዎች ነበሩ። ኋላ በ1900 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኦዝ ተረቱ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ደራሲ ፍራንክ ባውም፣ በ1897 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ ስለ ሱቅ መስተዋት አደረጃጀት ብቻ የሚጽፍ መጽሔት አቋቁሞ ነበር፤ በወጣትነቱም ተዋናይና የተውኔት ጸሐፊ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ በኒው ዮርክ የመድረክ ንድፍ ባለሙያዎቹ ኖርማን ቤል ጌዲስና ፍሬድሪክ ኪስለር የታላላቅ ሱቆችን መስተዋት እንደ መድረክ አዘጋጅተዋል። ኪስለር በ1930 እ.ኤ.አ. ስለ ዘመናዊ ሥነ ጥበብና ስለ ሱቅ ዕቃ አቀራረብ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሷል። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዬል ዩኒቨርሲቲ የመድረክ መብራት መምህር የነበረው ስታንሊ ማክካንድለስ፣ ተዋናዩን ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ገደማ በሚወርዱ ሁለት መብራቶች፣ አንዱን ሞቅ ያለ ሌላውን ቀዝቀዝ ያለ አድርጎ የማብራትን ዘዴ በጽሑፍ አቀረበ። ይህ ዘዴ ዛሬም ድረስ የመድረክ መብራት ባለሙያ የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

በሀገራችንም የመድረክ መብራት ሙያ ባዳ አይደለም። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ተከፍቷል። በእነዚህና በኋላ በተከፈቱት ቤቶች ጥላን ከብርሃን አስማምተው መድረክ ያሳመሩ ባለሙያዎች ተፈራርቀዋል። ሆኖም ሙያው ከቴአትር ቤቱ ደጃፍ ወጥቶ መንገዱን አልተሻገረም። የሱቁ መብራት የኤሌትሪክ ሠራተኛው ሥራ ብቻ ሆኖ ቀረ። የኤሌትሪክ ሠራተኛውም ኃላፊነቱ መብራቱ እንዲበራ ማድረግ እንጂ ምን እንደሚያበራ መጠየቅ አይደለምና አይወቀስም።

* * *

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ የሚገኘውን ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም። ለሠርግ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚለበሰው ቀሚስና ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ በብዛት የሚሸመተው እዚያ ነው። በአካባቢው ከሚኖሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሱቆቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ከመስተዋቱ በስተኋላ ጥበብ ቀሚስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ቆመዋል፤ በራቸው ላይም እንዲሁ ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል።

የብዙዎቹ ሱቆች የመብራት አሠራር አንድ ዐይነት ነው። ጣሪያው በጂፕሰም ይሠራል፤ በጂፕሰሙ ውስጥ ክብ ክብ ስፖት መብራቶች በረድፍ ይቀበራሉ፤ ብርሃናቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። አሻንጉሊቶቹ የሚቆሙት በቀጥታ ከመብራቶቹ ሥር ነው። ከሩቅ ሲታይ ሱቁ ያበራል፤ ባለቤቱም «ሱቄ ደማቅ ነው» ሲል ይደሰታል። ልብሱን ለማየት ጠጋ ሲሉ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ጣሪያው ከወለሉ 2.50 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል፤ የአሻንጉሊቱ ትከሻ ከወለሉ 1.45 ሜትር ላይ ነው፤ የቀሚሱ ጠርዝ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ። ስለዚህ ትከሻው ከመብራቱ 1.05 ሜትር፣ ጠርዙ 2.40 ሜትር ይርቃል። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ በአራት እጥፍ እንደሚቀንስ በትምህርት ቤት ተምረናል። በዚህ ስሌት ጠርዙ የሚያገኘው ብርሃን ትከሻው ከሚያገኘው አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። በጥበብ ቀሚስ ላይ ደግሞ ሸማኔው ከሁሉ ይበልጥ የደከመበት፣ ሰፊው ጥለት ያለበት ቦታ ያ ጠርዝ ነው! ብርሃኑ ባዶውን ትከሻ አድምቆ ጥበቡን በጨለማ ይተወዋል።

ባለሱቁ ይህ ጨለማ ሲታየው የሚያደርገው መብራት መጨመር ነው። አንድ ይጨምራል፤ ከዚያ ሌላ ይጨምራል፤ በግድግዳውም ላይ ረጅም ነጭ መብራት ይዘረጋል። በመጨረሻ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላ የሚባል ነገር ከመስተዋቱ ውስጥ ይጠፋል። ከጥላው ጋር አብሮ የሚጠፋውን ግን ብዙዎች አያስተውሉም። የጥለት ክር ከጨርቁ ወለል ብቅ ብሎ የሚቆም ነው፤ ሸማኔው ከድርና ከማጉ ላይ ቀለም ያለውን ክር በጣቱ እያስገባ ቅርጽ ያወጣለታል። ብቅ ማለቱን ዐይን የሚያውቀው ግን ከጎኑ በሚጥላት ቀጭን ጥላ ነው። ጥላዋ ስትጠፋ ጥለቱ ከጨርቁ ጋር ይተኛል፤ የተሸመነው የታተመ ይመስላል።

* * *

አሁን ወደ ቀለም እንለፍ። ሸማችን ነጭ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ነጭነቱ ብዙ ዐይነት ነው። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ወተት መሳይ፣ ጥቂት ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭነት አለው። የፋብሪካ ክር ደግሞ በኬሚካል የነጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዐይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚለውጥ ማንጫ ይጨመርበታል። በፀሐይ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነታቸውን ወዲያው ያውቃል። ከ6,000 ኬልቪን በላይ በሆነ ሰማያዊ መሳይ መብራት ሥር ግን የእጅ ፈትሉ ሙቀቱን አጥቶ አመዳም ይሆናል። በሌላ ወገን 2,700 ኬልቪን ገደማ በሆነው በድሮው አምፖል ዐይነት ብርሃን ሥር ሁሉም ቢጫ ይለብሳል። በእኔ ልምድ ለሸማ የሚስማማው በሁለቱ መካከል፣ ከ3,500 እስከ 4,000 ኬልቪን ያለው ነው።

የኬልቪን ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። ዛሬ የተለመደው ኤል ኢ ዲ መብራት ነጭ ብርሃን የሚሰጠው፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያመነጨው ጥቃቅን አካሉ ቢጫማ ንጥረ ነገር ስለሚቀባ ነው። ይህን ሰማያዊ ምንጭ የፈለሰፉት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል፤ ለዓለምም ትልቅ የኤሌትሪክ ቁጠባ አስገኝቷል። ነገር ግን ርካሹ ዐይነት በብርሃኑ ውስጥ ጥልቅ ቀይ በጣም ያንሰዋል። በብርሃኑ ውስጥ የሌለ ቀለም ደግሞ ከጨርቁ ላይ ተመልሶ ወደ ዐይን ሊመጣ አይችልም። በዚህም ምክንያት ደማቁ ቀይ ጥለት ወደ ቡናማ ይደበዝዛል፤ ወይን ጠጁ ጥቁር ይመስላል።

ለዚህ መለኪያ አለ። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀለም ገላጭነት ልኬት ከፍተኛው ቁጥር 100 ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ 80 ገደማ ነው፤ ለልብስ ግን ከ90 በታች መግዛት አይመከርም። ቁጥሩ የስምንት ለስላሳ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ፣ ደማቁ ቀይ ለብቻው በዘጠነኛነት ይለካል። ስለዚህ ገዢው በካርቶኑ ላይ ያለውን አማካይ ብቻ አይቶ እንዳይረካ፣ ስለ ቀዩ ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሙሽራና ብዙ ሚዜ የሚያውቀው ችግር አለ። የቀሚሱ ጥለትና የነጠላው ጥለት በሱቁ ውስጥ አንድ ዐይነት ቀይ ሆነው ይገዛሉ፤ በሠርጉ ዕለት ጠዋት በፀሐይ ሲታዩ አንዱ ወደ ብርቱካን፣ ሌላው ወደ ሮዝ ያደላል። ሻጯ አላታለለችም፤ ክሮቹም አልለቀቁም። በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ሁለት ክሮች በአንዱ ብርሃን ተመሳስለው በሌላው ሊለያዩ ስለሚችሉ ነው። ከእንዲህ ያለው ጣጣ የሚጠብቀን የቆየ ልማድ አለን፤ ብልህ እናት ልብስ ስትገዛ «እስቲ ደጅ አውጥቼ ልየው» ትላለች። ይህ ቃል በሱቁ መብራት ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ሱቁ በመብራት ላይ ያን ያህል ወጪ አድርጎ፣ ሸማቹ ግን ዕቃውን ለማየት ከዚያ መብራት መውጣት ያስፈልገዋል።

* * *

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንዲት የማውቃት የሀገር ልብስ ነጋዴ መስተዋቷን እንዳይላት ጠየቀችኝ። ችግሯን በግልጽ ነገረችኝ። በሱቋ ውስጥ በእጅ የተሸመነ ቀሚስ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ ጥለት አስመስሎ በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ አለ። የመጀመሪያው ዋጋ የሁለተኛውን ብዙ እጥፍ ነው። ሰዎች በመስተዋቱ ሁለቱን አይተው ይገቡና ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ «ምን ልዩነት አለው?» ብለው ርካሹን ይዘው ይሄዳሉ። «ልዩነቱን በአፌ መንገር ሰለቸኝ» አለችኝ።

ምሽቱን ጠብቀን፣ ሁለቱን ቀሚሶች በሁለት አሻንጉሊቶች ላይ አለበስናቸው። በጣሪያው ላይ ካሉት ዐሥራ ሁለት መብራቶች ዘጠኙን አጠፋሁ። ከዚያ የቀለም ገላጭነቱ ከ90 በላይ የሆነ አንድ የ9 ዋት መብራት መቆንጠጫ ባለው መያዣ ላይ አድርጌ፣ ከመስተዋቱ ጠርዝ በስተጎን፣ ከጉልበት ከፍ ባለ ቦታ ላይ አሰርሁት፤ ብርሃኑ የቀሚሶቹን ጠርዝ ከጎን ዳስሶ እንዲያልፍ ነው።

«ጋሼ፣ ሱቄን አጨለሙብኝ እኮ!» አለች ባለቤቲቱ።

ወደ ውጪ ወጥተን ከመንገዱ ማዶ እንድናየው ለመንኋት። በእጅ የተሸመነው ቀሚስ ጥለት ከጨርቁ ብድግ ብሎ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ክር ከጎኑ ጥላውን ይዟል፤ በመካከሉ የገባው የወርቅ ክርም ሰው በተራመደ ቁጥር እየበራ ይጠፋል። የታተመው ቀሚስ ግን በዚያው ብርሃን ሥር እንደ ወረቀት ለጥ ብሎ ቀርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ያለ አስረጂ ታየ።

በዚያች ሰዓት ያለቀለት ሥራ ሊያስረክቡ የመጡ አንድ አረጋዊ ሸማኔ በሩ ላይ ቆመው ይመለከቱን ነበር። ባለቤቲቱ «አባባ፣ እስቲ ወዲህ ይምጡና ይዩት» አለቻቸው። ጎንበስ ብለው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱና «ይኼ የኔ ነው፤ እዚህ ጋ ድሩ ተበጥሶብኝ ቀጥዬዋለሁ» አሉ። ከዚያ መብራቱን አዩና፣ ሲሠሩም ብርሃኑ የሚመጣላቸው ከጎን፣ ከበሩ በኩል እንደሆነ ነገሩን። ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። ሸማኔ እግሩን በጉድጓድ ውስጥ ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ከበር ወይም ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ክሩን እየለየ ይሠራል። የጥለቱ ውበት የተፈጠረው በዚያ የጎን ብርሃን ውስጥ ነው፤ በሱቁም ውስጥ ሊያሳየው የሚችለው የዚያው ዘመድ የሆነ ብርሃን ነው።

ባለቤቲቱ ግን ሌላ ነገር ታይቷት ነበር። «ታዲያ እንከኑም ይታያላ!» አለች። የሽማግሌው የተቀጠለ ክር በጎኑ ብርሃን በግልጽ ይለያል፤ በዐሥራ ሁለቱ መብራቶች ሥር ግን ማንም አያገኘውም ነበር። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። እንከኑን አይቶ ዋጋ የሚቀንስ ደንበኛ ይኖራል፤ የሚቀነሰውም ዞሮ ዞሮ ከሸማኔው ኪስ ነው። ለጊዜው የደረሰችበት ውሳኔ ከሁለቱ መስተዋቶቿ አንዱን በጎን ብርሃን፣ ሌላውን እንደ ቀድሞው ማድረግ ነበር። እኔ ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ ሱቁም እንጀራዋም የእርሷ ነውና።

* * *

ይሁንና ነገሩን ሳሰላስለው፣ በዚያ መስተዋት ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ከአንድ ሱቅ ገበያ የሰፋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሀገራችን ታሪክ ሸማኔው በሥራው የተከበረበት ጊዜ ረጅም አይደለም። ሕዝቡ ሁሉ የእርሱን ሥራ ለብሶ ለቤተ ክርስቲያንና ለአደባባይ ሲበቃ፣ እርሱ ራሱ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ስድቡ በጊዜ ብዛት ደከመ። አሁን ግን ሸማኔው ሌላ ፈተና ገጥሞታል፤ የእጁ ሥራ ከማተሚያ መሣሪያ ሥራ ጋር አንድ ሆኖ እየታየ ነው። የሸማኔ ሳምንታት የፈጀ ጥለትና መሣሪያ በቅጽበት ያተመው ሥዕል በአንድ መስተዋት ውስጥ እኩል ሲበሩ፣ ሸማቹ ርካሹን ቢመርጥ አላጠፋም። ላልታየው ነገር ማንም ገንዘብ አይከፍልም።

በዚህ ላይ የታተመውን ጨርቅ መኮነን ዓላማዬ አይደለም። አቅሟ ውስን የሆነ እናት ለልጆቿ ለበዓል የምታለብሰው ከዚያ ቢሆን ደስታቸው ደስታዋ ነው፤ የሚያስነውርም ነገር የለውም። የምንጠይቀው እያንዳንዱ ልብስ በራሱ ማንነት እንዲበራ ነው። ለስላሳ፣ ከፊት ለፊት የሚወርድ ብርሃን ለታተመው ይስማማዋል፤ ቀለሙን በደንብ ያሳያል። ለተሸመነው የጎን ብርሃን ያስፈልገዋል። ለነጠላ ደግሞ፣ ሁለት እጥፍ ሆኖ የሳሳ ስለሆነ፣ ከበስተኋላው ጥቂት ብርሃን ቢያገኝ ሽመናው እንደ ጉም ይታያል። ጋቢ በአራት እጥፉ የወፈረ በመሆኑ ከኋላ ቢበራለትም አያስተላልፍም፤ የእርሱን ውፍረት የሚናገረው በእጥፋቱ ውስጥ የሚያርፈው ጥላ ነው።

ብርሃን ሊዋሽ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። አልፎ አልፎ በሥጋ ቤቶች ቀላ ያለ መብራት ሲበራ እናያለን፤ ለምን እንደሚበራ ለማንም ስውር አይደለም። በልብስም ላይ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ የደበዘዘውን ማድመቅ፣ የሳሳውን ማወፈር የመብራት ባለሙያ የዘወትር ሥራው ነው። በመድረክ ላይ ይህ ውሸት የተፈቀደ ነው፤ ተመልካቹ ዐውቆና ተስማምቶ የገባበት ጨዋታ ነውና። በሱቅ ግን ተመልካቹ ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከቴአትር የምንወስደው ዘዴውን እንጂ ፈቃዱን አይደለም።

* * *

በሥራ ላይ ሲውል የሚያጋጥሙ እንቅፋቶችም አሉ። የመጀመሪያው ቀኑ ራሱ ነው። ጠራ ባለ ቀን የፀሐይ ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በደንብ የበራ ሱቅ ግን 1,000 ሉክስ ቢያገኝ ነው። ተራ መስተዋት ከሚያርፍበት ብርሃን 8 በመቶ ያህሉን ስለሚመልስ፣ መንገደኛው በቀን የሚያየው ልብሱን ሳይሆን የራሱን መልክና የሚያልፈውን ሚኒባስ ነው። ይህን በመብራት ብዛት ማሸነፍ አይቻልም። መፍትሔው ከመስተዋቱ በላይ የሸራ ጥላ መዘርጋት፣ ልብሱን ወደ መስተዋቱ ማስጠጋትና ከበስተኋላው ጥቁር መጋረጃ አለማድረግ ነው፤ ጥቁር መደብ መስተዋቱን መስታየት ያደርገዋል።

ሁለተኛው ፀሐይ በልብሱ ላይ የምታደርሰው ጉዳት ነው። ሙዚየሞች ለጥንታዊ ጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ብቻ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስተዋት ውስጥ ለወራት የቆመ ቀሚስ ትከሻው ይደበዝዛል፤ በመጨረሻም በቅናሽ ይሸጣል። ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ልብሱን መለዋወጥ ለሱቁም ለልብሱም ይበጃል።

ሦስተኛው ወጪ ነው። እዚህ ላይ ነጋዴው የሚፈራውን ያህል የለም። የድሮው 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ይሰጣል። ጥሩ ቀለም የሚገልጸው ከተራው ይወደዳል፤ ነገር ግን ዐሥራ ሁለቱን ተራ በአራት ጥሩ መተካት ይቻላል። መስተዋቱ ዐይን የሚይዘው በሙሉ ብርሃኑ አይደለም፤ ዋናው ልብስ ከአካባቢው ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲበራ ነው። የመብራቱን ቦታ ከላይ ወደ ጎን ማዛወር ደግሞ ከጥቂት ሜትር ሽቦ በስተቀር ምንም አያስወጣም። መብራት በሚቋረጥበት ምሽትም አንድ 9 ዋት መብራት በትንሽ ባትሪ ሊበራ ይችላል፤ የጣሪያው ረድፍ ግን ጄኔሬተር ይፈልጋል።

ጊዜው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የብዙ መንገዶች የእግረኛ መሄጃ ሰፍቷል፤ የሌሊት መብራትም ተተክሏል። ማታ ማታ በእግሩ የሚንሸራሸረው ሰው በዝቷል። ይህ ሁሉ ሰው በየመስተዋቱ ፊት ያልፋል። የሥነ ጥበብና የቴአትር ተማሪዎች ለመለማመጃ ትልቅ አዳራሽ እስኪያገኙ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ አንድ መስተዋት፣ ሁለት መብራትና ፈቃደኛ ነጋዴ ይበቃቸዋል። መምህራንም በክፍላቸው መስኮቱን ጋርደው፣ አንድ ጋቢ በግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ በእጅ ባትሪ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን ቢያበሩበት፣ ልጆቹ ስለ ብርሃንም ስለ ሸማኔም በአንድ ትምህርት ይማራሉ። የባህል ማኅበራት ደግሞ ሸማኔውን፣ ነጋዴውንና የመብራት ባለሙያውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያገናኙ ሥራው ይጀመራል። ባለቤቲቱ ያነሣችው የእንከን ጥያቄም መልስ የሚያገኘው በዚያ ዐይነቱ ውይይት ነው፤ የተቀጠለ ክር የእጅ ሥራ ምልክት መሆኑን ሸማቹ እንዲያውቅ ሳናደርግ እንከኑን ማብራት ሸማኔውን ብቻውን ለጉዳት ማጋለጥ ይሆናል።

የሱቅ መብራት መልካምነት በምን ይለካል ብሎ ለሚጠይቅ፣ መለኪያው ከእኛው ዘንድ አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላሉ አበው። ቀሚሱ የሚሠራው ለጥር ፀሐይ፣ ለጃን ሜዳና ለየአጥቢያው ሜዳ፣ ሕዝብ በአደባባይ ለሚተያይበት ቀን ነው። እንግዲህ የመስተዋቱ ብርሃን ትክክለኛ ነው የምንለው፣ ልብሱን በዚያ ቀን እንደሚታየው አድርጎ አስቀድሞ ሲያሳየን ነው። ያን ጊዜ ብልሟ እናት ቀሚሱን ይዛ ወደ ደጅ መውጣት አያስፈልጋትም፤ እዚያው በቆመችበት ትመርጣለች፤ ሸማኔውም የሚገባውን ዋጋ ያገኛል።